የሙጫው ቀኝ እጅ

ሚሲሲፒ ውስጥ ማሪዌል በምትባል ከተማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሞተ ሰው እንኳ ቀብሩ እስከ ሰኞ ይቆይለታል ይባል ነበር። ቅዳሜ የኳስ ቀን ነዋ! ኳሷም በእግር የምትለጋዋ ሳትሆን በእጅ ታቅፈው የሚሮጡባት ሞላላዋ ናት። የጥቁሮቹ ኮሌጅ ልጆች ሜዳ ሲገቡ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ጩኸቱን ሰምቶ ጅራቱን ይቆላል።

ከልጆቹ ሁሉ የከተማዋ ዓይን ሮስኮ ቲልማን ነበር። ቁመቱ ሎጋ፣ አንደበቱ ቁጥብ ነው። ወደ እሱ የተወረወረች ኳስ መሬት አታይም። «ሙጫው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ፀጉር አስተካካዩ ዲያቆን ሆዜያ ጌይንስ ናቸው። ዲያቆኑ በወይራ ቅርንጫፍ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ሽማግሌ፣ በኳስ ሜዳ ደግሞ ትልቅ ጩኸታም ነበሩ።

አንድ ቀን ሮስኮ ፀጉሩን ሊቆረጥ ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ ሳለ ልጃቸው ኤርሊን ምሳ ይዛ ገባች። የቤተ ክርስቲያኑን ፒያኖ የምትመታው እሷ ናት። ሰው ሁሉ የሚከብበውን ልጅ በዓይኗ ጫፍ አይታው አለፈች።

«ቅዳሜ ታሸንፋላችሁ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝም?» አላት።

«የአባዬ ዶሮ ሳይቀዘቅዝ ላድርስ። ኳሱን እሳቸው ይጠይቁልኛል።»

ሳቁ አመለጠው፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«አትነቃነቅ አንተ!» አሉ ዲያቆኑ። «ጆሮህን ብቆርጠው ከተማው ከነወንበሬ ነው የሚያባርረኝ!»

ከዚያች ቀን ወዲህ የሮስኮ ፀጉር ቶሎ ቶሎ ማደግ ጀመረ። ኋላም የጌይንስ ቤት በረንዳ ላይ መታየት አበዛ። አንድ ምሽት ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ፣ ለማንም ያልነገረውን ነገራት።

«ቀዶ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ሳቂ እንግዲህ።»

ኤርሊን አልሳቀችም። እጁን አንስታ አየችው። «እንግዲያው ጣቶችህን ጠብቃቸው። እኔም የምኖረው በጣቶቼ ነው» አለችው። እጁን ግን ቶሎ አልመለሰችለትም።

የዲያቆኑ ሕግ አንድ ነበር፤ ልጃቸውን የሚፈልግ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ ይሁን። ሮስኮም እሺ አለ፤ ቀኑም ለእሁድ ተቆረጠለት። በወይራ ቅርንጫፍ አዲስ ሰው ሲቀበሉ ፊት ለፊት ያቆሙታል፤ ምእመኑም ተሰልፎ እያለፈ ቀኝ እጁን ይሰጠዋል። ያ ነው ቃል ኪዳኑ።

የዚያች እሁድ ዋዜማ ግን ጨዋታ ነበር። ሮስኮ አንዱን ሊይዝ ሲል የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት በባላጋራው ማሊያ ተጠልፋ ቀረች፤ አንድ ነገር ውስጧ ጧ አለ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ደርሷል፤ የትልልቆቹ ቡድኖች መልማዮችም ሊያዩት ይመጣሉ።

እሁድ ፊት ቆመ። መጀመሪያ እጃቸውን የዘረጉት ዲያቆን ሆዜያ ናቸው። ሮስኮ ቀኙን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ ግራውን ዘረጋ።

«ቀኝህን፣ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ።

«ዛሬ በዚህኛው ይቀበሉኝ፣ ጌታዬ።»

የዲያቆኑ እጅ አየር ላይ ቆየና ወረደ። ሰልፉ ተበተነ። እናት ሉቬኒያ የተባሉት አሮጊት ማራገቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ለካ ሙጫው ኳስ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይጣበቅም!» አሉ፤ ሁሉም ሰማቸው።

ኤርሊን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዛፉ ሥር ደረሰችበት።

«አውጣው!»

«ምኑን?»

«እጁን ነዋ! አባቴን ያዋረድክበትን እጅ!»

አወጣው። ጣቱ አብጦ እንደ ደረሰ ደበርጃን ጠቁሯል። «እስቲ እጠፈው» አለችው። ሌሎቹ ወደ መዳፉ ታጠፉ፤ ያቺ ጣት ብቻ ቀጥ ብላ ቀረች። የኤርሊን ቁጣ ከዓይኗ ላይ እየሟሸሸ ሄደ።

«ምናለ ብትናገር?»

«እዚህ የተነገረ ነገር አሰልጣኙ ጆሮ ለመድረስ የበቆሎ ዳቦ እስኪበስል አይፈጅበትም።»

በማግስቱ ሜምፊስ ከተማ፣ አንድ ጥቁር ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ጣቱን ዳበሰና ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገረው። «ጅማቱ ተበጥሶ ወደ መዳፍህ ሸሽቷል። አሁን ከተሰፋ ጣትህ ትታጠፋለች፤ ግን ዘንድሮ ኳስ የለም። ጨዋታውን ጨርሰህ ከመጣህ ጅማቱ ተኮማትሮ ይጠብቅሃል፤ ጣትህ ዕድሜህን ሙሉ እንደ እንጨት ደርቃ ትቀራለች። ኳስ በእንጨትም ይያዛል። ቀዶ ጥገና ግን በእንጨት አይሠራም።»

ሮስኮ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። «ካልተጫወትኩ እኮ ማንም አይደለሁም። የሚወዱት ሙጫውን ነው። ሮስኮን የሚያውቀው የለም።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ኤርሊን። «አልወስንልህም። ብትጫወት መጥቼ አይሃለሁ፤ ብትሰፋ እዚሁ እጠብቅሃለሁ። ጣቷ ያንተ ናት።»

ከዚያ የኮሌጁን ጃኬት አውልቆ እቅፏ ላይ አኖረና ገባ።

ያደነዘዙት ክንዱን ብቻ ነበር፤ እንዲያይ ለምኖ ሲሰፋ አየ። ሲወጣ ዓይኖቹ እንደ ሕፃን ያበራሉ። «ኤርሊን፣ ውስጡን አየሁት! ጅማቱን እንደ መቀነት ስቦ አወጣው፤ ሲስበው ጣቴ ታጠፈች! እኔ ሳልነካት!» ስለ አንዲትም ኳስ እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም።

ኮሌጁ በመጨረሻው ጨዋታ ተሸነፈ። ማሪዌል አመረረ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ «ልጁን ያስኮበለለችው እኮ የዲያቆኑ ልጅ ናት» ይባል ጀመር። ዲያቆኑ አንገታቸውን ደፍተው ይቆርጣሉ፤ ቤት ሲገቡም ልጃቸውን አያናግሩም።

በተከታዩ እሁድ ሮስኮ እጁ በጀሶ ተጠቅልሎ ፊት ቆመ።

«ያን ዕለት ግራ እጄን የሰጠሁት ኮርቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። የጣቴ ጅማት መበጠሱን ደበቅኳችሁ። ጨዋታውን የተውኩት ግን ፈርቼ አይደለም። ሐኪም መሆን ስለምፈልግ ነው። ከተቀበላችሁኝ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ፓስተሩ፣ «ይግባ የሚል አለ?» ሲሉ ጠየቁ። በእነሱ ሥርዓት አንድ ሰው ተነሥቶ «ይግባ» ካላለ፣ ሌላውም ካልደገፈ አይሆንም። ማንም አልተነሣም። አንድ ሰው ሳል ሳለ፤ ማራገቢያዎች ቆሙ። ኤርሊን ብትነሣ ለሷም ለሱም ነውር ነው። ጣቶቿን ፒያኖው ላይ አስቀምጣ አባቷን አየች።

ዲያቆን ሆዜያ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይህ ልጅ ቅዳሜ ዕለት ልቤን ሰብሮታል» አሉ። «አሜን!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሳቅ ተሰማ። «በሜዳችን ስንቱ ልጅ ሲሮጥ አጨብጭቤያለሁ። ጉልበቱ ሲያልቅ የት ወደቀ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ይኼኛው ሳይወድቅ ራሱን ጠየቀ። ለልጄ እንዲህ ያለ ሰው ነው የምሻው። ይግባ!»

«እኔም እደግፋለሁ!» አሉ እናት ሉቬኒያ። «አሁን ቶሎ በሉ፤ ዶሮዬን ምድጃ ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ሰዉ ተሰለፈ። ቀኙ በጀሶ ስለተያዘ እያንዳንዱ ትከሻውን እየሳመው አለፈ። ያን ቀን ኤርሊን ፒያኖውን እንዴት እንደመታችው! ጣሪያው የተነሣ መሰለ።

ሮስኮ ናሽቪል ከተማ የሕክምና ትምህርት ሲገባ እሷ የሰፈሩን ልጆች ፒያኖ እያስተማረች ጠበቀችው። እዚያው ወይራ ቅርንጫፍ ተጋቡ። ብዙ ከተማ ቢጠራውም የእጅ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ፀጉሩ ገብስማ ሲል ኮሌጁ የቀድሞ ተጫዋቾቹን በጨዋታው የእረፍት ሰዓት ሜዳ መሀል ሊያከብር ሮስኮንም ጠራው። ዲያቆን ሆዜያ አርጅተው ከሜዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ላለፈ ላገደመው «አማቼ ነው» ይላሉ። ሮስኮና ኤርሊን ዋንጫውን እንደ ተቀበሉ አንድ ሰው ከዳር እየሮጠ መጣ። የከተማው የጥጥ መዳመጫ ማሽን የአንድ ሠራተኛ እጅ ይዟል፤ ሆስፒታሉ ዶክተሩን ይፈልጋል።

ሮስኮ ሚስቱን አያት።

«ሂድ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

ዋንጫውን ሰጥቷት ሮጠ። በሙሉ ልብስ፣ ክራቫቱ ትከሻው ላይ እየተውለበለበ፣ ሜዳውን ለሁለት ሰንጥቆ ሮጠ። ሕዝቡ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። በኋላ ሩጫውን አወቀው፤ አንድ ላይ ብድግ አለ። የድምፅ ማጉያው ሰውዬ ራሱን ረሳ፤ «ቲልማን ነው! አመለጠ! የሚይዘው የለም!»

ዲያቆኑ በከዘራቸው መሬቱን እየደበደቡ፣ «ዶክተር ቲልማን በል እንጂ፣ አንተ!» ብለው ጮኹ።

ኤርሊን ዋንጫውን ታቅፋ ብቻዋን ሜዳው መሀል ቀረች። ድምፅ ማጉያውን ይዘው መጡላት። «ወይዘሮ ቲልማን፣ ምን ይሉናል?»

ዓይኗን ጠረገች፤ አንገቷን ቀና አደረገች።

«እናንተ ጨዋታችሁን ቀጥሉ» አለች። «እሱ ሥራ ላይ ነው።»