ያልተበላሸው ሥዕል

ስልኩ ሲጠራ መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። የጡረታዋ ጊዜ እየቀረበ ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ እሷ ጫማ እስክታወልቅ ጠብቆ የሚሞት ይመስላታል። «እሺ፣ መጣሁ» አለችና ያበጡ እግሮቿን በደንብ ሳታደርቅ ወደ ጫማው መለሰች።

የሰፈሩ ጋለሪ ድሮ መጋዘን የነበረ አንድ ረጅም ክፍል ነው። በየወሩ መጨረሻ ያለፈው ባለተራ ሥራውን ያወርዳል፣ የምስማሩ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ግድግዳው ነጭ ይቀባል፣ ከዚያ የአዲሱ ባለተራ ሥራ ይሰቀላል። ጎረቤቱ መጥቶ ብስኩት ይበላል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ «ግሩም ነው» ይልና ይሄዳል። ይህን ሁሉ ለዓመታት ብቻቸውን ሲያንቀሳቅሱ የኖሩት ጡረታ የወጡ የሥዕል አስተማሪ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ «መምህሩ» ነው የሚላቸው። አሁን መምህሩ ከመሰላሉ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ሞተዋል። መዶሻው ከጎናቸው ወድቋል። ከበላያቸው፣ በትልቁ ግድግዳ ላይ፣ ውሃ ዳር የቆመች ባዶ ጀልባ የሚያሳይ ሰፊ ሰማያዊ ሥዕል ተሰቅሏል።

«አደጋ ነው፣ አለቃ» አለ ሳጅኑ፣ ከግድግዳው ተደግፎ። «ሽማግሌ ሰው፣ መሰላል፣ መዶሻ። ምኑ ይመረመራል?»

«ከግድግዳው ራቅ በል፤ ቀለሙ አልደረቀም።»

ሳጅኑ ፈጥኖ ፈቀቅ አለ። የኮቱ ጀርባ ነጭ ሆኗል። መርማሪዋ ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበራትም። ጉልበቷ እየጮኸ ተንበረከከችና የሟቹን ቀኝ እጅ አነሳች። የአራቱም ጣቶች ጫፍ ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ጥፍራቸው ሥር ድረስ ገብቷል።

«ይህስ?»

«ያው ቀለም ነው። የሥዕል መምህር አይደሉ?»

ቀና ብላ ትልቁን ሥዕል ከዳር እስከ ዳር አየችው። አንድ እንከን የለበትም። ከሌሎቹ ሥዕሎች ሥር ሁሉ ርዕሱና የሠዓሊው ስም የተጻፈበት ትንሽ ካርድ በስፒል ተሰክቷል። ከትልቁ ሥር ግን ስፒሉ ብቻ ነው ያለው፤ ጫፉ ላይ የተቀደደ ወረቀት ቁራጭ ቀርቶበታል።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «የወደቁት በማጅራታቸው ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ወዲያው አልሞቱም። ትንሽ ቆይተዋል። ሰው ቢደርስላቸው... እንግዲህ።»

አስከሬኑን ያገኘው የመምህሩ ታናሽ ወንድም ነው። በጎረቤት መንገድ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ሲሆን፣ የጋለሪው ቤት የሁለቱም የጋራ ውርስ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን በመሐረብ ይጠርጋል።

«ወንድምጋሼ መልአክ ነበር» አለ።

«ባለፈው ሳምንት እዚሁ በር ላይ ‹ይህን የሥዕል ጎተራ ዘግተህ መጋዘን አታደርግልኝም?› ብለው ሲጮሁበት ጎረቤት ሰምቷል» አለችው መርማሪዋ።

ነጋዴው መሐረቡን አጠፈ። «ወንድማማች ይጨቃጨቃል። ሱቄ ጠቦኛል፣ ከራስ በላይ ነፋስ ነው፤ አልዋሽሽም። ግን የእናቴን ልጅ ለአንድ ክፍል ብዬ አልገድልም።»

«ሥዕሉን ነክተዋል?»

«የትኛውን? ለእኔ ሁሉም ሰማያዊ ነው።»

ይህ መልስ መርማሪዋን ደስ አሰኛት። ሞኝ መስሎ የሚዋሽ ሰው ብዙ አይታለች፤ ይህ ግን የምሩን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሸክላ ሠሪዋ ሄደች። ያለፈው ወር ባለተራ እሷ ነበረች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው፤ ማንንም ለማስደሰት የማትጨነቅ ዓይነት ሴት ናት።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልተናል፣ አዎ» አለች ሳትጠየቅ። «ሰው ሁሉ የእኔን እንስራ ትቶ ለስላሳው ጠረጴዛ ላይ ተሰበሰበ። ‹ጠረጴዛውን መሀል ላይ ያደረጉት እርስዎ ነዎት› አልኳቸው። አሁን ሳስበው ይህ ምን ያጣላል? ደግሞ ‹የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው› ሆኖብኝ አይደለም፤ ጥሩ ሰው ነበሩ።»

«ትናንት አግኝተሻቸዋል?»

«የተረፈውን ዕቃዬን ልወስድ ከሰዓት ገብቼ ነበር። መሰላል ላይ ነበሩ፣ እያፏጩ። ‹ነገ ሳትቀሪ ነይ፤ አፍሽን የሚያስከፍት ነገር አለኝ› አሉኝ። ምን እንደሆነ ብለምን ብለምን እምቢ አሉ።»

«ይህ ወር የሠዓሊው የጋሽ ሰማያዊ ተራ ነው አይደል?»

«አዎ። የመጨረሻዬ ነው ብለዋል።» ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን መዳበስ ጀመረች። «ሰማያዊያቸውን ማንም አስመስሎ አይሠራትም፤ ብዙ ሰው ሞክሯል። የሳቸው እጅ ግን...»

«እጃቸው ምን?»

«ምንም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ አልጀምረውም።»

ጋሽ ሰማያዊ የተባሉት ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ቀለም ስለሠሩ ነው። መርማሪዋ ስትገባ በመስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ ልጃቸው፣ ፀጉሯ ሽበት የጀመረው ሴት፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፈችላቸው ነበር። ከዚያ ሻይ አቀረበች። ለእንግዳዋ ሙሉ ብርጭቆ፣ ለአባቷ ግማሽ። የአባቷን ብርጭቆ ከእጇ ሳትለቅ አፋቸው ድረስ ወሰደችው።

«አባዬ ሌሊቱን አልተኛም» አለች ልጃቸው። «መምህሩ የልጅነት ጓደኛው ናቸው።»

«ትናንት የት ነበራችሁ?»

«ጠዋት ሥዕሎቹን አደረስን። ከሰዓት አባዬ ተኛ፤ እኔም ከአጠገቡ አልተለየሁም።»

መርማሪዋ ዞር ብላ በሩ ሥር ያለውን የቀለም ሣጥን አየች። ከሣጥኑ አኳራጅ፣ ያ ቀለም ማጠቢያው፣ ይሸታል። አንድ ብሩሽ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከላይ ተቀምጧል።

«እኅቴ፣ ኤግዚቢሽኑ ቢሰረዝ ምን ትያለሽ?»

የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ። «አይሰረዝም! ጤናው ሄዷል፣ እናቴ ሞታለች፣ ቤታችንን እንኳ ሸጠናል። አባቴ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ስሙ እንዳለ በክብር ይሰናበት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ካርዱን አይተሽዋል፣ ልጄ?» አሏት መርማሪዋን።

«የምን ካርድ፣ ጋሼ?»

«አባዬ ደክሞታል» አለች ልጃቸው፤ ብርጭቆውንም አነሳች።

መርማሪዋ ወጥታ መኪናው ውስጥ ከሳጅኑ ጎን ተቀመጠች። ሳጅኑ ሞተሩን አላስነሳም።

«ገባሽ፣ አለቃ?»

«ገባኝ። ባይገባኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ኤግዚቢሽኑ ይከፈታል በተባለበት ሰዓት አራቱንም ጋለሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ነጋዴው እጁን አጣምሮ በሩ አጠገብ ቆመ። ሸክላ ሠሪዋ ታጥባ መጥታለች። ጋሽ ሰማያዊን ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ልጃቸው ከኋላ ቆማ እጇን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች። ብስኩቱ ከነማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አላደክማችሁም፤ እኔም ደክሞኛል» አለች መርማሪዋ። «መምህሩ ሲሞቱ አራት ጣታቸው ሰማያዊ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሥዕል የሚሰቅል ሰው የሥዕሉን ፊት አይነካም፤ ጠርዙን ነው የሚይዘው። ፊቱን የሚነካው ሲወድቅ ብቻ ነው፣ ያገኘውን ሲጨብጥ። ይህ ትልቁ ሥዕል በቅርብ ያለቀ ነው፤ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ለስላሳ ነው። ጥፍር ቢቧጥጠው ይቀደዳል። ታዲያ ጭረቱ የት ሄደ?»

ሁሉም ወደ ሥዕሉ ዞሩ።

«የለም» አለ ነጋዴው።

«ሳጅን፣ መብራቱን አጥፋና ባትሪህን ከጎን አብራበት።»

ብርሃኑ ሸራውን ከዳር ሲገርፈው ሥዕሉ በሙሉ ደብዛዛ ሆኖ ታየ። ከጀልባዋ ሥር፣ ውሃው ላይ ብቻ፣ እጅ የሚያህል ቦታ እንደ አዲስ ምጣድ ያብለጨልጫል። ሳጅኑ በጣቱ ነካ አደረገው። ጣቱ ሰማያዊ ሆነ።

«ሰው ወድቆ እያለ አንድ ሰው ይህን ጭረት ሲጠግን ቆይቷል» አለች መርማሪዋ። «ሥዕሉን እንዳለ ቢተወው ኖሮ እኔም አደጋ ነው ብዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ጭረቱ ለገዳዩ ጠበቃው ነበር፤ ገዳዩ ግን ጠበቃውን በገዛ እጁ ቀባው። ለምን? ከራሱ አንገት ይልቅ ሥዕሉ ስለሚያሳዝነው። እርስዎ፣» ወደ ነጋዴው ዞረች፣ «ለእርስዎ ሁሉም ሰማያዊ ነው፤ ቢቀደድም አያዩትም። አንቺም ጥሩ እጅ አለሽ፣ ግን የጭቃ እጅ ነው። ይህችን ሰማያዊ ማንም አስመስሎ አይሠራትም ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። ይህን ቦታ እንዳይታወቅ አድርጎ ሊሸፍን የሚችለው ሥዕሉን የሠራው እጅ ብቻ ነው።»

መርማሪዋ ቀጥሎ የምትለውን ጠላችው፤ ግን ሌላ መንገድ አላገኘችም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥዕሉ የእርስዎ ነው። ሳጅን፣ ያዛቸው።»

ሳጅኑ አንድ እርምጃ ሄደ። ሽማግሌው የሚንቀጠቀጡ ሁለት እጆቻቸውን አንድ ላይ አድርገው ዘረጉለት።

«ተዉት!» ልጃቸው በመካከል ገባች። «እንዴት አድርጎ? ብሩሽ ከያዘ ስንት ጊዜው ነው! የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ የማይችል ሰው...»

አፏን በእጇ ያዘች። የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

«አዎ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ያቺን አንዲት ነገር ሰው እንዳይሰማ ነበር ይህ ሁሉ። ሥዕሎቹን የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ መምህሩም ደርሰውበታል። የተቀደደው ካርድ ላይ የማን ስም ነበር?»

ሴትየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ።

«የእኔ። ሥዕሉን ጥቂት ላስተካክል ብዬ ቀለሜንና ብሩሼን ይዤ መጥቼ ነበር፤ ካርዱን አየሁት። ‹ይንቀሉት› አልኳቸው። ሳቁ። ‹ነገ አገር ያውቀዋል፤ ደግሞ ነገሩን ስትሰሚ አንቺም ትስቂያለሽ› አሉኝ። አባቴን ሰው ሲስቅበት ታየኝ። ቀደድኩት። አዲስ እጽፋለሁ አሉ። እንዲወርዱልኝ ብዬ ነው መሰላሉን የነቀነቅኩት፤ እንዲወርዱ ብቻ! ሥዕሉን በጥፍራቸው ቧጥጠው ወደቁ። ጠራኋቸው፣ አልመለሱም። ሞተዋል አልኩ። ቀና ስል ከጀልባዋ ሥር ውሃው ተቀዶ ሥዕሉ ተበላሽቷል። ነገ ሰው ይመጣል አልኩ... ጠገንኩት።»

መርማሪዋ የሚቀጥለውን ላለመናገር አሰበች። ግን ሴትየዋ ፍርድ ቤት ከማታውቀው አፍ ከምትሰማው ከእሷ ብትሰማው ይሻላል ብላ ወሰነች።

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ነው የሚለው፣ እኅቴ። አንቺ ስትጠግኚ እሳቸው በሕይወት ነበሩ።»

ሸክላ ሠሪዋ ፊቷን አዞረች። ነጋዴው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ አለቀሰ፤ መሐረቡን እንኳ አላወጣም።

ጋሽ ሰማያዊ ልጃቸውን ጠሯት። የሕፃንነት ስሟን ነበር የጠሩት።

«ካርዱን እንዲጽፍ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየቻቸው።

«እሱ ከየት ያውቅ ነበር? እኔው ነኝ የነገርኩት። የመጨረሻ ተራዬን ለልጄ ስጥልኝ፣ ነገ በሰው ፊት ስሟ ሲነበብ ፊቷን ልየው ብዬ ለመንኩት። አንቺ እኔን ስትጠብቂ ዕድሜሽ አለቀ። እሱም እሺ ብሎ ልቤን አሳረፈው፤ በደስታ አቀፈኝ። እንዳትነግራት ብዬ ያስማልኩትም እኔ ነኝ።»

ልጃቸው ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች።

በሩ ተንኳኳ። ነገሩን ያልሰሙ ጎረቤቶች ለኤግዚቢሽኑ መጥተዋል። ሳጅኑ ወደ አለቃው አየ፤ መርማሪዋ ትንሽ ይቆዩ በሚል እጇን አወዛወዘች። ሳጅኑ ሴትየዋን አስነሳና ክንዷን ያዘ።

«እርሳስ ስጡኝ» አሉ ጋሽ ሰማያዊ።

ሸክላ ሠሪዋ ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ካርድና እርሳስ አመጣችላቸው። ሽማግሌው ካርዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መጻፍ ሲጀምሩ የእርሳሱ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ዘለለ። ልጃቸው ሳታስበው፣ እንደ ልማዷ፣ እጃቸውን ልትይዝላቸው ተንጠራራች። ክንዷ ግን ሳጅኑ እጅ ውስጥ ነበርና አልደረሰችላቸውም።

ብቻቸውን ጻፉት። ብዙ ደቂቃ ፈጀባቸው። መርማሪዋ ካርዱን ተቀብላ ከጀልባዋ ሥር በቀረው ስፒል ላይ ሰካችው። ጽሑፉ ስም ነው ለማለት ያስቸግር ነበር፤ እሷ ግን አነበበችው። ከዚያ የታመመ እግሯን እየጎተተች ሄዳ ለጎረቤቶቹ በሩን ከፈተች።