አርባ አንደኛው የዝንጀሮ ራስ

አለቃ ወልደጻድቅ ፒያሳ በሚሠራው አዳራሽ ሥር ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ላስታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲጠግኑ ያረጁ ግንበኛ ናቸው። መሰላል ንቀው ከግድግዳው ብቅ ያሉትን የዝንጀሮ ራሶች በእግራቸው እየዳበሱ ይወርዱ ነበር። የዝንጀሮ ራስ ማለት እንደ አክሱም ዘመን ግንቡን ከውስጥ እስከ ውጭ ሰንጥቆ የሚያስር የጽድ አግዳሚ ጫፍ ነው፤ እንኳን ሰው ፎቅ ይሸከማል።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ሽፈራው ከጧት ጀምሮ ሲጠይቅ ውሎ ሆዱ አሯል።

«ምን ያንዛዛሃል?» አለ ካድሬው በላይነህ። «ደረሰ የሚባለው አናጢ የእንጨት መወጣጫውን ያፈረሰ አሻጥረኛ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው ይወስደዋል።»

ያ መኪና የወሰደውን ሲመልስ ያየ የለም።

«ጌታዬ፣ አፍርስ ያሉኝ ኢንጂነሩ ናቸው» አለ ከቡሹሎ መንደር የመጣው ልጅ ደረሰ፣ እጁ እንደታሰረ። «የሕንፃውን ፕላን በከሰል የሣሉት አለቃ ወልደጻድቅ ናቸው። ነገ ሕንፃውን ለሚጎበኙት እንግዶች ይህን ሊናገሩ ነበር።»

ኢንጂነር ሙሉጌታ ሳቀ። «የጥንቱን መልክ ለዘመናዊ ሕንፃ ያለበስኩት እኔ ነኝ። የዝንጀሮ ራስ ጌጥ ነው፤ ባዶ ቦታ ስታይ ትለጥፋለህ።»

ሽፈራው ከሬሳው አጠገብ የወደቀውን ስባሪ አንስቶ ፋቀው። ቡናማው ቀለም ሲላጥ ነጭ ጀሶ ወጣ። የዝንጀሮ ራሶቹን ከውጭ ቆጠረ፤ ገብቶ የአግዳሚዎቹን ጫፍ ከውስጥ ቆጠረ። ተናዶ ወጣና እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ሠራተኛውን ጨምሮ ሰዉን ሁሉ ሰበሰበ።

«ከውጭ ከተሰበረው ጋር አርባ አንድ፣ ከውስጥ አርባ።»

«ተሳስተሃል!» አለ በላይነህ።

«ሦስቴ ቆጠርኩ፣ ጓድ! የተሰበረው አግዳሚ የለውም፤ የተለጠፈ ጀሶ ነው። ደረሰ ቢሆን እውነተኛውን ቆርጦ ይተካ ነበር እንጂ አግዳሚ በሌለበት ራስ አያበቅልም፤ አለቃ ያሠለጠኑት እጅ ነው። አንተ ደግሞ ጀሶና የስንዴ ዱቄት አትለይም።»

ሠራተኛው ሳቁን ዋጠ።

«የሽማግሌው እግር ሲወርድ የሚዘረጋበትን ባዶ ቦታ አይቶ፣ ሌላ መያዣ እንዳያገኙ መወጣጫውን አስነሥቶ ጀሶውን የለጠፈው፣ ጌጥ ነው ብሎ የሚያምነው ሰው ነው» አለ ሽፈራው።

ሙሉጌታ ጮኸ። «ሀገር ፊት ሊያዋርዱኝ ነበር!» አለ።

የደረሰ እጅ ተፈታ። ሽፈራው በሩ ላይ የሙሉጌታ ስም ወደተቀረጸበት እብነ በረድ ጠቆመ። «ይኸም ይነሣ እንግዲህ።»

«ትእዛዝ የለኝም» አለ በላይነህ።

ደረሰ ግን መሰላል አቁሞ ወጣና ከግድግዳው ላይ የቀረውን ጀሶ ጠርቦ ጣለ።

«ይቁጠሩት፣ ጌታዬ» አለ ከላይ ሆኖ። «አሁን አርባ ነው።»