ፔይሩ የከለከለችው ቅጠል

«ሄፓሪን ሲበዛ ማርከሻው?»

«ፕሮታሚን!»

«ቤታ ብሎከርስ?»

«ግሉካጎን! አቦ ከባድ አምጪ!»

ፔይሩ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ታይናን ከተማ ነርሲንግ ትማራለች። ዛሬ ደግሞ በቃ ክንፍ አውጥታለች! ጓደኛዋ ዩንሃን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው የሻይ ሱቅ ጋ ቆማ ትጠይቃታለች፣ እሷ ሻይዋን በስትሮ እየሳበች መልሱን ታንበለብለዋለች።

«ዋርፋሪን?»

«ቫይታሚን ኬ! ይቺንማ ቤትም እሠራባታለሁ። አያቴ አባባ ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይውጡ የለ? ቅጠል ውስጥ ደግሞ ማርከሻው አለ። ስለዚህ የስኳር ድንች ቅጠል ከቤታችን ድራሹን አጠፋሁት! ያለሱ እራት አይበሉም ነበር እኮ። አሁን ‹ነርሷ ከልክላኛለች› እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ይጎርሩብኛል።»

ዩንሃን ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «ጭራሽ አይበሉም?»

«ጭራሽ!»

«አንቺ ቀውስ! ትናንት መምህሯ ስታስረዳ ተኝተሽ ነበር? መድኃኒቱ የተለካው እኮ ከሚበሉት ቅጠል ጋር ነው። ሁሌም እኩል ይብሉ ነው እንጂ ይተዉ ማን አለሽ? ቅጠሉን ስታነሺው መድኃኒቱ ይበረታባቸዋል። ይደማሉ!»

ወይኔ። ጠዋት ነጩ ዳቦ ላይ ያየችው ደም! አባባ ገምጠው ሲያስቀምጡት ጥርሳቸው ያረፈበት ቀልቶ ነበር። እሷ እየሳቀች «ቀስ ብለው ይቦርሹ» ብላቸው ወጣች። ክንዳቸው ላይ የጠቆረውስ? በር መታኝ ብለዋል። የቱ በር?

ሻይዋን ዩንሃን እጅ ላይ ጥላ ሮጠች። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሐሳብ መጣላት፦ ዛሬ ማታ ቅጠሉን ዝም ብላ ብትሠራላቸውስ? ማን ያውቃል? ግን እስከዚያ ቢደሙስ?

አባባን ይዛቸው ክሊኒክ ሄደች። እሳቸው እቴ፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ «የልጅ ልጄ ናት፣ ነርስ!» ይላሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጣታቸው ተወግቶ ደማቸው ተለካ። ዶክተሯ ውጤቱን አይታ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ደምዎ በጣም ቀጥኗል። የተለወጠ ነገር አለ? ምግብ? ሌላ መድኃኒት?»

አባባ ፔይሩን በጎን አዩዋት። «ምንም የለም፣ እንደ ድሮው ነው» አሉ ፈጠን ብለው። በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ቸብ አደረጓት። ዝም በይ ማለታቸው ነው።

«እንግዲያው መጠኑን እንቀንሰዋለን» አለች ዶክተሯ እስክሪብቶዋን እያነሳች።

ቀንሳው በኋላ ቅጠሉ ሲመለስስ? ደማቸው ሊረጋ ነው!

ፔይሩ የአባባን እጅ ከጉልበቷ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችና ያዘችው።

«ዶክተር፣ ቅጠል መብላት ትተዋል» አለች። «ያስተውኳቸው እኔ ነኝ።»