ያላለቀ ጽዋ

የዓሣውን ቅርጫት ስትቀበለው እጇን ያዛት።

«ፖስታውን ለካጂታ ነው የምትሰጪው» አለ ሸንበቆ። የኮሪያ ስለላ አለቃዋ ነው፤ ዓሣ ሻጭ መስሎ በእንግዳ ማረፊያው ጓሮ ቆሟል። «ወደ መርከቡ አይሄድም።»

«ትናንት እንዲህ አልተባለም።»

«ዛሬ ተባለ። ካጂታ የኡሪዩ ጸሐፊ ነው፤ የታመነ ሰው። ደግሞ ወንድምሽን አስቢ። ፋይሉ እኔ ጋ ነው። ይሄ ከተሳካ ነገ ይፈታል። ካልተሳካ እዚያው ይበሰብሳል።»

እሺ አለች። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባል የለ፤ እሷም ሰባት ዓመት ሙሉ እሺ ብላለች።

በሥራ ስሟ ዛጎል ናት። ለእንግዶቹ ጃፓናዊቷ አስተናጋጅ ሃማኤ። እናቷ ያወጣችላት ስም ግን ፕዮ ዮንግሲል ነበር፤ የቡሳን ልጅ። ሰማዩ ሲጠራ ቡሳን ከዚህ ከጃፓኗ ቱሺማ ደሴት ይታያል። መንግሥታቱ አይነጋገሩም። ላይኛው ክፍል ግን ኮሪያዊው ሽማግሌ ኩክና ጃፓናዊው ሽማግሌ ኡሪዩ በድብቅ ምሳ ይበላሉ። ድንበር አለፋችሁ ተብለው በሁለቱም አገር የታሰሩ አርባ አንድ ዓሣ አስጋሪዎችን ለማስፈታት ይፈራረማሉ። ወሬው ቀድሞ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ሁለቱም ከሃዲ ይባላሉ፤ እስረኞቹም ይረሳሉ። የኩክ ቦርሳ ወደብ ላይ ስለሚፈተሽ የተፈረመውን ወረቀት በፖስታ ወደ መርከቡ የምታሾልከው እሷ ነበረች።

መጠጡን ይዛ ገባች።

የኡሪዩ ጽዋ ተጋምሷል። ካጂታ ጠርሙሱ አጠገቡ እያለ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

«ምነው ካጂታ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ እኮ» አለ ኡሪዩ። «ያደግክበት ናጎያ እንዲህ ነው የሚያስተምሩት?»

«ተዉት፣ ለጤናዎ አስቦ ነው» አለ ኩክ እየሳቀ።

ጃፓን ውስጥ ጽዋ ሳያልቅ ይሞላል። ኮሪያ ውስጥ ያላለቀ ጽዋ ላይ የሚቀዳው ለሙት ብቻ ነው፤ በመታሰቢያ ቀን። ዛጎል ይህን ልማድ ከእጇ ለማስለቀቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል።

የካጂታን ግማሽ ጽዋ ልትሞላ ጎንበስ አለች።

ጽዋውን ሸሸ አደረገው።

ኮሪያዊ ነው። የሸንበቆ ሰው።

መደንገጥ ነበረባት። አልደነገጠችም። ስምምነቱን ለማክሸፍ ወረቀቱ ለጋዜጣ ሊሸጋገር እንደሆነ ገባት፤ ወንድሟ ቴሲክም ትዝ አላት። እሱ አንድ ነው፣ እነሱ አርባ አንድ።

ሽማግሌዎቹ ፈርመው ፖስታውን ትሪዋ ላይ አኖሩት። ቀድማ ወረደች። የእንግዶቹ ጫማ በር ላይ ተደርድሯል፤ መደርደሩ የእሷ ሥራ ነው። ወረቀቱን ከኩክ ጫማ ገበር ሥር ከተተች። ፖስታው ውስጥ የሚታጠቡ አንሶላዎች ዝርዝር አደረገች።

የእግር ኮቴ።

«ፖስታው» አለ ካጂታ።

በሁለት እጇ ሰጠችው። ደረቱ ውስጥ ከትቶ በጓሮ ወጣ።

ኩክ ተከትሎ ወረደ። ጫማውን ስታቀርብለት በኮሪያኛ፣ በሹክሹክታ፣ «አባባ፣ መርከብ ላይ ሲደርሱ ጫማዎን አውልቀው ይዩት» አለችው።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

እሷም ሽርጧን ሰቅላ በሌላ መንገድ ሄደች።

በወሩ አርባ አንዱ ተፈቱ። ወሬውን በሬዲዮ የሰማችው ሩቅ ሰሜን፣ ሃኮዳቴ ወደብ፣ በሌላ ስም ዓሣ ስታጸዳ ነው። ከቴሲክ ግን የመጣ ወሬ የለም። የዚያን ቀን ምግብ ቤት ገብታ ሁለት ጽዋ አስቀዳች። ከአንዱ ጠጣች። ሌላው ፊት ለፊቷ፣ ሰው የሌለበት ወንበር ጋ፣ እስከ ግማሽ ብቻ ተቀድቶ ቆመ።

«ለማን ነው?» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ጠርሙስ ይዛ።

«ለወንድሜ።»

«ታዲያ ልሙላለት።»

ጽዋውን በመዳፏ ከደነችው።

«አይሆንም፣ እሜቴ። እሱ ራሱ ጠጥቶ ይጨርሰው።»