የሹፌሩ ወንበር

«ሙሽሪትስ? ሙሽሪት የታለች?»

ድንቅቱ እልልታዋን ሳትጨርስ ነበር የጠየቀችው። ከኋላዋ አራት የሰፈር ሴቶች ተከትለዋታል፤ አንዷ ሊጥ የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ ሌላዋ አንድ እግሯን በነጠላ ጫማ፣ አንዱን በባሏ ጫማ አድርጋ። ምን ይፈረድባቸዋል? ቀይ ሪባን የታሰረበት፣ ግንባሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ የተለጠፈበት አዲስ አይሱዙ በኦቦ ጎበና በር ሲገባ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ልጃቸው ነገሳ ከኮረፈበት አገር ሚስት ይዞ መጣ ነው የሚለው!

ኦቦ ጎበና ከጋቢናው ቀስ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከቆጥ እንደሚወርድ ሰው ወረዱ።

«ሙሽራ የለም።»

«ታዲያ ሪባኑ?»

«ሻጮቹ ናቸው ያሰሩት። በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ገዢ እርስዎ ነዎት ብለው።»

«ነገሳስ?»

«ይመጣል» አሉና መኪናውን ያደረሰላቸውን ሰው ለመሸኘት ዞሩ።

ሴቶቹ ተያዩ። እልልታ ደግሞ እንደ ውኃ ነው፤ አንዴ ከፈሰሰ አይታፈስም። ድንቅቱ ግን ነገር ማስተካከል ትችልበታለች፤ «እንግዲያው እልልታችንን በአደራ ያስቀምጡልን፤ ሙሽሪት ስትመጣ አዲስ አናወጣም» አለች። ተሳሳቁ። ኦቦ ጎበናም ሳቁ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ግን ብቻቸውን ግቢው መሐል ቆመው፣ በመኪናው መስታወት ላይ የራሳቸውን ፊት አዩና ሳቁ ከፊታቸው ላይ እንዴት እንደጠፋ ራሳቸውም አላወቁ…

ሚስታቸው ገለቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። የተወችላቸው አንድ ልጅ ነው። አንድ! ነገሳ በሰው መኪና ጅማ እየተመላለሰ የሚተዳደር ሹፌር ነበር፤ ሰበታ ሲደርስ ግን ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ሳይነፋ አያልፍም፤ አባትም ሦስተኛዋን ሳይሰሙ እራት አይቀርቡም። የዛሬ ዓመት ነው ነገር የተበላሸው። ከቤታቸው ጀርባ ያለው እርሻ ለፋብሪካ መጋዘን ይፈለጋል ተባለና ወረቀት መጣ። «አባዬ፣ እባክዎ አይፈርሙ፤ የእማዬ ላብ ያለበት መሬት ነው» ብሎ ልጁ ለመነ። ምን ያድርጉ? ጎረቤቱ ሁሉ ፈርሟል፤ አልፈርምም ያለውም መሬቱ ሲታጠር ቆሞ ከማየት በቀር ያተረፈው የለም። ፈረሙ። በዚያ ቀን ልጅ ድምፁን ከፍ አደረገባቸው። እሳቸውም በውስጣቸው የሚነደው እሳት ወዴት እንደሚወጣ ጠፋቸውና፣ «የራስህ መኪና ሲኖርህ መጥተህ እዘዘኝ! የሰው መሪ ላይ ተንጠልጥለህ እኔን ልትነዳ ነው?» አሉት። ወይ ምላስ! ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ነገሳ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ወጣ። ጅማ ቤት ተከራየ። ከዚያ ወዲያ ጥሩምባውም አልተሰማ፣ ስልኩንም አላነሳ።

እንግዲህ ያቺን ቃል ለመመለስ ነው ኦቦ ጎበና መኪና ልግዛ ያሉት። ያውም መቼ? በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ታኅሣሥ! አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን አገሩን ያመሰበት ጊዜ ነው። ዛሬ ቡራዩ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ ነገ ሱሉልታ ተማሪዎች ወጡ ይባላል፣ ከነገ ወዲያ አንዱ ቦታ መኪና ከነጭነቱ ነደደ ይባላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጭነት መኪና የሚገዛ ማን አለ? መሸጫው ግቢ ውስጥ አዳዲሶቹ መኪኖች አቧራ ለብሰው፣ ባል እንዳጡ እህትማማቾች ተደርድረዋል። ኤርምያስ የሚባለው ሻጭ ከራቫቱን አላልቶ በስልኩ ሲጫወት ነበር። ኦቦ ጎበና በሬ እንደሚገዛ ሰው አንዱን መኪና ሁለት ጊዜ ዞሩት፣ ጎኑን ቸብ ቸብ አደረጉት፣ ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩ፤ ጥርሱን ማየት ነበር የቀራቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ሳይሸጥ ቀረ? ምን ነውር አለበት?»

«ነውሩ መኪናው ላይ አይደለም አባቴ፤ መንገዱ ላይ ነው» አለ ኤርምያስ። ከዚያ ወደ አለቃው ክፍል ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቱን ልንገርዎት፤ ትንሽ ቢጠብቁ ይሻላል» አላቸው።

«እኔ የምጠብቀው ገበያ አይደለም» አሉ።

የእርሻው ካሳ፣ የሁለቱም በሬዎች ሽያጭ፣ ሁሉም እዚያ ገባ። ስንቱን ጤፍ፣ ስንቱን ሽንብራ ያበቀለ መሬት ስድስት ጎማ አውጥቶ ግቢያቸው ውስጥ ቆመ።

ቆመ ማለትም ቆመ ነው። ሠላሳ ዓመት መኪና የነዳው ጎረቤታቸው አደም፣ «ኦቦ ጎበና፣ እኔ እንኳ ላንቀሳቅስልዎት፤ መኪና እንደ በሬ ነው፣ ካልሠራ ይታመማል» ቢላቸው አሻፈረኝ አሉ። «ወንበሩ ባለቤት አለው።» የሹፌሩ ወንበር ላይ ያለውን ፕላስቲክ እንኳ አላስነኩም፤ ነገሳ በገዛ እጁ እንዲቀደው ነው። እሳቸው ግን ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲዞር ጋቢናው ውስጥ ይገቡና ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣሉ። መኪናውን ያደረሰላቸው ሰው እንዳሳያቸው ቁልፉን ትንሽ አዞር ያደርጉና ሬዲዮኑን ይከፍታሉ። ሬዲዮኑ ያወራል፤ እሳቸው ወደ ባዶው ወንበር ዞር ብለው «ቀስ በል፣ ኩርባ ነው» ይላሉ፤ በሐሳባቸው ወደ ጅማ እየሄዱ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን ስንት ነገር ይለምዳል!

ድንቅቱ ከአጥር ወዲያ ብቅ ትላለች። «አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ ኦቦ ጎበና! ዛሬስ የት ደረሳችሁ?»

«ተጂን አሁን አለፍን።»

በሌላው ቀን፣ «ዛሬስ?»

«ወሊሶ ምሳ በላን።»

«ለእኔስ ምን ያዛችሁልኝ?»

«ሲመለስ ነው እንጂ፤ ማን በመሄጃው ዕቃ ይሸከማል?»

እየሳቀች ትገባለች። ቤቷ ገብታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እንደምትጠርግ ግን እሳቸው አያውቁም።

በጅማ መንገድ ለሚሄድ ሹፌር ሁሉ አንድ መልእክት ይሰጡ ነበር፤ «ነገሳን ካገኛችሁት፣ መኪና አለ፣ ሹፌር የለም በሉት።» እንግዲህ በእሳቸው ቤት ይቅርታ መጠየቃቸው ነው! ከዚህ በላይ ማለት አባትነት ይከለክላል። መልእክቱ ግን ጅማ እንደተላከው ሆኖ አልደረሰም። አደም በጥር መጀመሪያ ከጅማ ሲመለስ መልሱን ይዞ መጣ፤ መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው። «‹የሰው መሪ ላይ ተንጠለጠልክ ያለኝ ሰው አሁን ደግሞ በራሱ መኪና ሊቀጥረኝ ነው? ሹፌር ከሆነ ሰበታ ሞልቷል› ብሏል።»

ኦቦ ጎበና ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ጋቢናውም ውስጥ አልገቡም። በአራተኛው ቀን ድንቅቱ በሩን ገፍታ ገባች።

«እርጥብ ሣር ይላኩለት።»

ያጠፋ ሰው እርጥብ ሣር ጨብጦ ከቆመ የተበደለው ሰው ፊቱን አያዞርበትም፤ ከጥንት የመጣ ነው። ኦቦ ጎበና ግን ቱግ አሉ። «አባት ለልጁ ሣር ሲልክ የት አገር አይተሻል? ልጅ ነው ለአባቱ የሚይዘው!»

«ያጠፋው ማን ሆነና?» አለችና ወጣች።

በዚያ ሰሞን ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ሰፈሩ ተደሰተ። ፕላኑ ሲቀር የኦቦ ጎበና እርሻ ግን አብሮ አልተመለሰም፤ አጥሩም ከቆመበት አልተነቃነቀም። በማግሥቱ ጠዋት ማጭዳቸውን ይዘው ወደዚያው አጥር ሄዱ። አገሩ በበጋ ፀሐይ ነጥቷል፤ የመጋዘኑ ውኃ በሚፈስበት ቦይ ዳር ብቻ አንድ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ቀርታለች። እሷን አጨዱ። በገለቴ ሻሽ ጠቀለሏትና ለአደም ሰጡት። ቃል አልጨመሩም።

ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። በየካቲት መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ሱቁ ተዘጋ፣ ሚኒባስ ቆመ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልካቸው ጮኸ።

«የነገሳ አባት ነዎት? ሮዛ እባላለሁ፤ ተጂ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ልጅዎ እኔ ጋ ነው። ወደ እናንተ ሲመጣ የተሳፈረበት መኪና እዚህ ቆመበት። ከጊቤ ወባ ይዞት ነው የመጣው፤ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል። እኔ ጋ ግሉኮስ ብቻ ነው ያለው። አምቡላንስ አጣን። መኪና ይኖርዎታል?»

«መኪና አለ!» አሉ። «መኪናማ አለ!»

እየሮጡ አደምን ጠሩት። አደም የሹፌሩ ወንበር ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ አያቸው። «ተቀመጥ! ቅደደው!» ብለው ጮኹ። ፕላስቲኩ ተቀደደ። ቁልፉ ዞረ…

ጭጭ።

እንደገና አዞረው። ጭጭ። አደም እጁን ከመሪው አወረደ። «ኦቦ ጎበና… ሬዲዮኑን ይከፍቱ ነበር እንዴ?»

«ትንሽ ነው… ለብቻዬ ስሆን…»

«ሞተሩን ሳያስነሱ?»

ልጃቸውን የጠበቁበት እያንዳንዱ ከሰዓት፣ ያዳመጡት እያንዳንዱ ዜና፣ ባዶውን ወንበር ያጫወቱበት እያንዳንዱ ደቂቃ ባትሪውን ጠብታ በጠብታ መጦት ኖሯል! ለልጃቸው የገዙትን መኪና የገደለው የልጃቸው ናፍቆት ነው! አቤት ፈጣሪ፣ ሰውን በገዛ ፍቅሩ የምትቀጣው በምን ጥፋቱ ነው?

ጋራዡ ተዘግቷል። ባትሪ የሚያበድር የለም። ድንቅቱ ወደ መንገድ ወጥታ በእልልታዋ ጊዜ በነበራት ድምፅ ጮኸች፤ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ወንዱም ሴቱም ትከሻውን ሰጠ። ገፉ። አንዴ አልሆነም። ወደ ኋላ ስበው እንደገና ገፉ። ኦቦ ጎበናም ሽበታቸውን መኪናው ላይ ደፍተው ገፉ፤ እንባቸውና ላባቸው ተቀላቀለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ታግለው፣ ከበሩ በታች ያለችው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ከዚያ አጓራ። ድንቅቱ ከቦዩ ዳር የበቀለችውን አዲስ ሣር ነጭታ በመስኮቱ ሰጠቻቸው።

ተፍኪ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶች ቆመዋል፤ አንዱ ድንጋይ አንሥቷል። አደም ፍሬን ሲይዝ ኦቦ ጎበና ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወረዱ። በሰባ ዓመታቸው፣ ልጃቸውን በሚያህሉ ልጆች ፊት ጎንበስ አሉ።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ… ልጄ ተጂ ላይ ሊሞትብኝ ነው።»

ድንጋይ የያዘው ልጅ ሣሩን አየ። የያዘውን መሬት ጣለ። ከዚያ ሁሉም ጎንበስ ብለው መንገዱን በእጃቸው ጠረጉላቸው። «አባ፣ ቶሎ ይሂዱ! ቶሎ!»

ክሊኒኩ በር ላይ ሮዛ ቆማ ነበር። አልሮጠችም። ያልሮጠች ነርስ ማየት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያየው ያውቀዋል።

«አሁን… አሁን ነው» አለች። «መንገዱ ጸጥ ብሎ ስለነበር የሞተራችሁ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ዓይኑን ገለጠ። ‹አዲስ ሞተር ነው› አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ…»

ነገሳ እንደ ተኛ ሰው ነው። የቀኝ እጁ ጭብጥ ብሏል። በውስጡ ደርቆ ገለባ የሆነ ሣር፣ ከሻሹ ጫፍ ጋር። «ማስለቀቅ አልቻልኩም» አለች ሮዛ። ኦቦ ጎበና ያንን ጭብጥ በሁለት እጃቸው ያዙት። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ… ልቀጥርህ አልነበረም» አሉት። «ያንተ ነው። መኪናው ያንተ ነው…» ይህን ማለት ለአንድ ዓመት ከብዷቸው ነበር። አሁን ቀለለ፤ የሚሰማው ሲጠፋ ቀለለ!

የአዲሱ መኪና የመጀመሪያ ጭነት ባለቤቱ ሆነ። ኦቦ ጎበና ጋቢና አልገቡም፤ ከኋላ፣ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ተመለሱ። ሰበታ ሲደርሱ አደም እንባ ዓይኑን ጋርዶት ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፋ። ፀሐይ ያደበዘዘውን ሪባን ከመኪናው ግንባር የፈታችው ድንቅቱ ናት፤ በአደራ ያስቀመጠችውን እልልታ በዋይታ ወሰደችው።

ሰው መሬቱን ያጣል፤ መሬት ይለወጣል። ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ይሞቃል። የተዘጋ መንገድም ቀን ጠብቆ ይከፈታል። በልብ ውስጥ የዋለ ይቅርታ ግን እንደ ቆመ መኪና ነው፤ የፈለጉት ቀን አይነሣም። ዕጣ ፈንታ ነው እንበል ይሆን? ወይስ ዕጣ የምንለው በጊዜው ያልተናገርነውን ቃል ነው? የሚያውቅ ይንገረን…

ከተዝካሩ በኋላ ደላሎች መጡ፤ ገበያው ቀዝቃዛ ነው እያሉ የግማሽ ዋጋ ጠሩ። ኦቦ ጎበና በሩን ዘጉባቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ድንቅቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ስትል ጋቢናው ውስጥ፣ በዚያችው ከሹፌሩ ጎን ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ሬዲዮኑ ዝም ብሏል። ድንቅቱ ልትመለስ ዞር አለች። ዝም ብሎ ማለፍ ግን ከሁሉ የባሰ መሰላት።

«ኦቦ ጎበና… ዛሬስ የት ደረሳችሁ?»

ከፊታቸው ያለውን መስታወት በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ተጂ።»

«አላለፋችሁም እንዴ?»

«ሹፌሩ ተኝቷል።»