ስኳክ፣ ያለ ማይክ

«አንቺ ጽፈሽዋል፣ እኔ ላንብብልሽ» አለች ሳያት፣ ማይኩን በሻርቧ እየጠረገች። «በዚህ ድምፅሽ ከወጣሽማ አለቀልሽ። ሙድ ነው የሚይዙብሽ።»

ታቢታ አልተቀየመቻትም። ሳያት የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ድምፅዋም የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ጌጥ ነው። የታቢታ ድምፅ ግን ሻካራ ነው፤ ዘይት የጠማው በር ይመስላል። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የወፍን ሻካራ ጩኸት የሚገልጸው «ስኳክ» የሚለው ቃል የመጣ ዕለት ኪሩቤል ከኋላ ወንበር «ታቢታ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቃሉም ስሟ ሆኖ ቀረ።

በጠዋቱ ሰልፍ ላይ «የቀኑን ቃል» የማቅረብ ተራዋ ሲደርስ ይህንኑ ቃል የመረጠችው በንዴት ነበር። አመጣጡን ስታነብ ግን ንዴቷ በረደ። ሊቅ ተቀምጦ አላወጣውም። ሰዎች የወፍ ጩኸት ሰምተው በአፋቸው ያስመሰሉት ነው ይባላል። አባቷ ትዝ አላት። ቡሹሎ፣ ሐይቁ ላይ ከጀልባ ሆኖ በዚያው ሻካራ ድምፅ ሲጣራ ዳር ያለው ሁሉ ይሰማዋል፤ የሳቀበት ሰው አይታ አታውቅም።

ቢሆንም ፈራች፤ ወረቀቱን ለሳያት ሰጠቻት።

ባንዲራው ተሰቀለ። «የዛሬው ቃላችን...» ብላ ሳያት ስትጀምር መብራት ሄደ። ያለ ማይክ ደግማ ሞከረች፤ ድምፅዋ የፊተኞቹን ረድፎች አላለፈም።

«ኧረ አይሰማም!» አሉ ከኋላ።

«በቃ፣ ይቅር። ወደ ክፍል ግቡ» አሉ ቲቸር ግዛቸው።

ይቅር? ያን ሁሉ የለፋችበት?

«ቲቸር፣ አንድ ጊዜ!» አለች ታቢታ።

ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ሳያት አጠገብ ወጥታ ቆመች።

«ቃሉ ስኳክ ነው! የወፍ ሻካራ ጩኸት ማለት ነው። ያወጣውም ሌላ ማንም አይደለም፣ የጮኸው ወፍ ራሱ ነው!»

«ስኳክ!» ሲል ኪሩቤል ከመጨረሻው ረድፍ ተጣራ።

«አቤት!» አለች ታቢታ። «እዚያ ድረስ ይሰማል?»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። በዚህኛው ሳቅ ውስጥ ግን እሷም ነበረችበት። ኪሩቤል ራሱ እየሳቀ እጁን አወጣ። «ይሰማል!»

ታቢታ ኮራች፤ ደረቷ እስኪሞቅ ድረስ ኮራች።

ያኔ መብራት መጣ፤ ማይኩ ሲጥ አለ። ሳያት በፈገግታ ዘረጋችላት። ታቢታ ተቀበለቻትና አጠፋችው፤ ከዚያ የመጨረሻውን ረድፍ እያየች ቀጠለች።