ሁለቱ ትንንሽ ክንፎች

«ታምሲን የሰሌዳሽን ክንፍ ከመረጠችልሽ ተሸውደሻል ማለት ነው» አለ ዳርሲ። ቁርስ ላይም ብሎታል፤ መኪና ውስጥም ብሎታል። የኪሊ አጎት ልጅ ነው፤ አንድ ወሬ ካገኘ እንደ ማስቲካ ጣዕሙ እስኪጠፋ ያኝከዋል። አምና የክለቡ ልጅ ዊሎው የተሸነፈችው በታምሲን ምክር ነው፣ ዘንድሮ ተረኛዋ አንቺ ነሽ ይላል።

ኪሊ ባሕር ላይ ቆማ ማዕበል የምትጋልብበትን ረጅም ሰሌዳዋን ገልብጣ ሣሩ ላይ አስቀመጠች። በዚህ ክለብ የውድድር ጠዋት ሁሉም ሰሌዳውን ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ያሰጣል፤ ክንፉን የደበቀ አጭበርባሪ ይባላል። ሰው ትኩስ የሥጋ ፓይ እየገመጠ በመካከላቸው ይዞራል፣ ይተቻል። በኪሊ ሰሌዳ ጅራት፣ በኋለኛው ጫፍ ላይ፣ ውሃውን ይዘው ሰሌዳውን ከሚያቀኑት ክንፎች አንድ ትልቅ መሃል፣ ሁለት ትንንሾች ደግሞ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

እዚያው ክለብ የምትወዳደረው ታምሲን መጥታ ቁጢጥ አለችና ጅራቱን ዳበሰችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማዕበሉ ዛሬ ትንሽ ስለሆነ ትንንሾቹ ከመጎተት በቀር አይረቡሽም፣ አውልቂያቸው አለች። ትልቁን ደግሞ ወደ ኋላ ግፊው፤ ወደ ሰሌዳው አፍንጫ፣ ወደ ፊተኛው ጫፍ ስትራመጂ ጅራቱን ይዞ ያቆይልሻል።

ኪሊ የታምሲንን ሰሌዳ አየችው። ሦስቱም ክንፎች ቦታቸው ላይ ናቸው።

«ያንቺስ?»

«የኔ ቀላል ነው፣ ለመጠማዘዝ የተሠራ። ያንቺ ከባድ ነው፣ አፍንጫው ላይ የሚቆሙበት። ምን አገናኛቸው?»

መልሱ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ራሱ ኪሊን አስጠረጠራት፤ ካልተዘጋጀችበት እንዲህ ቶሎ ከየት መጣላት? ከክለቡ ወደ አገር አቀፉ ውድድር የምትላከው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ የለፉት ለዚያች ቦታ ነው።

አስብበታለሁ አለቻት። ታምሲን ዞር እንዳለች ግን ትንንሾቹን ሳትነካ የትልቁን ብሎን አላልታ ክንፉን ወደ ፊት ገፋችና መልሳ አጠበቀችው። ዳርሲ የራሱ ድል ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

በመጀመሪያው ዙር ጥሩ ማዕበል አገኘች። ወደ አፍንጫው ተራመደች፤ የእግር ጣቶቿ ጠርዙን ሳይነኩ ጅራቱ ከውሃው ተላቆ ወደ ጎን ሸሸ። በጭንቅላቷ ውሃው ውስጥ ተተከለች። ቀጥሎም እንደዚያው። ለፍጻሜ ያለፈችው የሌሎቹ ቅሽምና ከእሷ ስለባሰ ነው። ከእሷ ሌላ የቀረችው ታምሲን ናት።

ሣሩ ላይ ዳርሲ አዲስ ወሬ ይዞ ጠበቃት፤ ታምሲን ብሎኑን ሳታላላው አትቀርም አለ። ኪሊ ነካ አድርጋ አየችው። እሷ ራሷ እንዳጠበቀችው ነው።

«የዊሎውን ነገር ማን ነው የነገረህ?»

«ሰው ሁሉ ያወራል።»

«ሰው ሁሉ ማን ነው?»

ዳርሲ ፓይ ሊገዛ ሄደ።

ኪሊ ካቻቢቴዋን አንስታ ሰሌዳዋን ታቅፋ ታምሲን ጋ ሄደች። «ያዢልኝ» አለቻት። ታምሲን ሰሌዳውን በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ያዘች። ኪሊ ትንንሾቹን አወለቀች፤ ትልቁን ወደ ኋላ ገፋችው። በልማድ የታምሲንን ፊት ሰረቅ አድርጋ አየች፤ ነጭ የፀሐይ ቅባት የተለቀለቀ አፍንጫ እንጂ ሌላ አላገኘችበትም። እርግጠኛ አልሆነችም። ብሎኑን ግን አጠበቀችው።

የፍጻሜው ማስጀመሪያ ጡሩምባ ሊነፋ ሲል ሰሌዳቸውን ይዘው ውሃው ዳር ቆሙ። የክለቡ ሊቀመንበር ክላይቭ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሁለቱን በየተራ አያቸው።

«ምነው እናንተ ልጆች፣ ሬሳ ልትቀብሩ ነው የምትሄዱት? ማንም አልነገራችሁም እንዴ?»

ኪሊ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ታምሲንም እንዲሁ።

«ከትናንት ወዲያ ከአገር አቀፉ ውድድር ደውለውልኝ ነበር፤ ዘንድሮ ከየክለቡ የሚላኩት ሁለት ሁለት ናቸው።»